ለመጋረጃ የዘራሁት ሐረግ

ግንቦት 11
ከእማዬ ጋር የሰው ልብስ ስናጥብ ዋልን። እንደ ወትሮው። ሳሰጣ ከሽቦ አጥሩ ማዶ ያሉት በያጆች ሥራ አቁመው ያዩኛል። አንዱ፣ “እሜቴ ጭጭ፣ ዛሬም አፍሽን ቆልፈሽ ነው የመጣሽው?” አለ። ሳቁ። ሰው ሲያየኝ እጄና እግሬ ይተሳሰራል። ሰባተኛ ክፍልን ያቋረጥኩትም በዚሁ ነው... ምን ይሻለኛል?

ግንቦት 14
ዘር ሻጯ ዘንድ ሄድኩ። መናገር አቅቶኝ የዘሩ ፓኬት ላይ ያለውን ሥዕል በጣቴ ጠቆምኩ። ሰማያዊ አበባ ያለው ሐረግ። ጠዋት ይፈካል፣ ፀሐይ ሲበረታ ይከደናል አለች። አበባው ምን ያደርግልኛል? አጥር ይሸፍን እንደሆን በሹክሹክታ ጠየቅኳት። ቤታችሁንም ይሸፍናል አለች። ዘሩ ጠንካራ ነው። በጥፍር መሞረጃ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ነገ አጥሩ ሥር እዘራዋለሁ።

ግንቦት 26
በቀለ።

ሰኔ 19
የዶሮ ኩስ ሳልሰስት እሰጠዋለሁ። ሽቦው ላይ እየተጠመጠመ ከራሴ በላይ ሆኗል። ቅጠል ብቻ። ኩስ ሲበዛበት አያብብም አሉ። አያብብ! በያጆቹ አያዩኝም። ዛሬ እያንጎራጎርኩ አሰጣሁ።

ሐምሌ 8
ልብስ የምናጥብለት ሐኪም ነጭ ልብሱን መለሰው። ዶሮ ዶሮ ይሸታል ብሎ። እማዬ ጨሰች። ሁለተኛ ኩስ ወደ ግቢ እንዳይገባ አለች። ሐረጉንም ጠመደችው... “አበባ ከሌለው አረም ነው። ነሐሴ ሲገባ ካላበበ እነቅለዋለሁ።”
አረምም ቢሆን መሸሸጊያዬ ነው። አላልኳትም።

ነሐሴ 3
አበበ። ሰማያዊ፣ መሃሉ ነጭ። ኩሱ በመቅረቱ ይሆን? እማዬ ማጭድ ይዛ ወጥታ ነበር። አየችው፣ አየችውና ተመለሰች። ተረፈ።
ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይቆማል። በቅጠሉ መሃል ዓይን፣ ዓይን... ከዓይን ልሸሽ ብዬ ዓይን ጠራሁ።

ነሐሴ 11
እኩለ ቀን ላይ የበያጆቹ አለቃ አጥሩ ጋ መጣ። ሽማግሌ ነው። አበባው በሙሉ ተከድኗል። “ሳላየው ደርቆ አለቀ” አለ፣ ለራሱ። እማዬ ጓዳ ነበረች። ሰውየው አዝኖ ሊሄድ ዞረ።
“አልደረቀም። ጠዋት ይምጡ።”
ማን ተናገረ? እኔ ነኝ?
“እሜቴ ጭጭ ነሽ እንዴ?”
“አዎ” አልኩ። ምን ልበል ሌላ።

ነሐሴ 12
መጣ። ያን ሁሉ በያጅ አስከትሎ፣ የሻይ ብርጭቆ በእጃቸው። ያ እሜቴ ጭጭ ያለኝ ተረበኛ ለሚስቱ ዘር ለመነኝ። ፍሬው ሲደርቅ እሰጥሃለሁ አልኩት። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ እንጂ አልሞትኩም።

ኅዳር 28
ሐረጉ ደረቀ። ዕድሜው አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ከሥሩ አያቆጠቁጥም። ጎትቼ አወረድኩት። ሽቦው ራቁቱን ቀረ። እማዬ፣ “አጥሩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ልወጥርልሽ?” አለች። ለካ መሸሸጌን ስታውቅ ኖራለች...
ተይው አልኳት።
ከማዶ ሰላም አሉኝ። መለስኩላቸውና ማስጣቴን ቀጠልኩ።