«ያዢው» የተባለው ማን ነው?

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

እጄ በቆርቆሮ ተላልጦ ብዕር አልይዝ ብሏል፤ ደብተርዬ፣ ካልነገርኩሽ ግን እፈነዳለሁ! የመጋዘኑ ጣሪያ ተጋመሰ። ባሌ ሰይድ የጣሪያው እንጨት፣ ሞራሌው ላይ፣ የሥራ ጓደኛችን አልሃዲ ከሱ በላይ፣ እኔ ከታች አቀባይ። ዝናቡን እንቀድመዋለን! አልሃዲ ቤርታ ነው፤ በሱ አማርኛ ወንዱ «ነይ»፣ ሴቷ «ና» ናት። ሰይድማ «አንቺ» መባሉን ለምዶታል። ስንስቅ ዋልን።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ፣ ሆስፒታል በር

ያ ረቢ። ሰይድ ወደቀ።

ነፋስ ተነሣ። አልሃዲ «ያዢው!» ብሎ ጮኸ። ሰይድን ማለቱ ነበር። ሰይድ ግን እኔን፣ ሐሊማን ነው ብሎ ቆርቆሮውን ለቀቀ። እኔም ለኔ መስሎኝ ከታች ጫፉን ጨበጥኩ። ነፋሱ ቆርቆሮውን አዙሮ ሰይድን ጠረገው። ገመድ ነበረን እኮ! ቆርቆሮ እንጎትትበታለን፤ ወገቡ ላይ ያሰረው የለም። እግሩ አይሰማውም። ሐኪሙ ጠብቁ አለ። እስከ መቼ? አላለም።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

እግሩን እቆነጥጣለሁ። ምንም። እሱ የክፍሉን ጣሪያ ያያል፤ ሚስማሩ ጠምሟል ይለኛል። እዚህም ሆኖ! አልሃዲ ብቅ አላለም። ይምጣ ብቻ፣ አሳየዋለሁ።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ደብተርዬ፣ ስሚኝ! ተንቀሳቀሰ!

አልሃዲ ማንጎ በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ልሰድበው አፌን ስከፍት፣ አልጋው ሥር ተንበርክኮ «ተነሺ ወንድሜ፣ ተነሺ» እያለ ማልቀስ። ሰይድ ሳቅ ገነፈለበት። ወገቡን እያመመው ይስቃል። እኔ አንሶላው ጫፍ ላይ ዓይኔ ቀረ። የእግሩ አውራ ጣት! በአላህ፣ ተወዛወዘች! እልልታዬ ነርሷን አስደነገጣት። ሐኪሙ መጥቶ ነካካው፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ጥሩ ምልክት ነው አለ። አልሐምዱሊላህ! ስድቡን ረሳሁት። ማንጎውን በላነው።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ወሰንኩ። በሰይድ ቦታ ጣሪያው ላይ እኔ እወጣለሁ። ተቆጣ። ተለማመጥኩት። እሺ ያለው በሁለት ነገር ነው፦ ገመዱ ወገቤ ላይ ይታሰራል፤ ስሙ ሳይጠራ ማንም አይዝም፣ ማንም አይለቅም። አልሃዲ ወላሂ ብሎ ማለ።

ደመናው ከብዷል። ፈርቻለሁ፣ ደስም ብሎኛል። ገመዱን ራሴ ቋጥሬ ሞከርኩት። ጠንካራ ነው።

አልሃዲ በር ላይ ደረሰ። «ሐሊማ! ና!» ይላል።

ስሜን አስቀደመ! መጣሁ በይው፣ መጣሁ!