ጣት ያላወቀው ስምህ

የቤቴ ጌታ፣ የአልማዝ አባት፣ ዳምጠው ሆይ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህን አንኮበር፣ አንተው በመረጥኸው ቦታ፣ አባትህ አጠገብ አወጣን። የምጽፍልህ ግን ስለ ድግሱ አይደለም። ከዚያን ቀን ወዲህ ድንጋጤው አለቀቀኝም፤ ከአንተ በቀር የምከሰው ሰው ስላጣሁ ለአንተው እነግርሃለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ላድርስህ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳለ ነው። በራችን ላይ ያለው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ በከዘራህ እየነካህ ቤትህን የምትለይበት ቦይ ተደፍኗል፤ ብትመጣ ታልፈን ነበር። ሬዲዮህን ከጣቢያው አላነቃነቅሁትም። ዓይኔን ሞራ ጀምሮታል፤ ሐኪሙ ይገፈፋል ብሎኛል። አልማዝ ፋብሪካው ውስጥ እድገት አግኝታለች። ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

መቃብርህ ላይ ስምህ በብሬል፣ በእናንተ በዓይነ ስውራን የነጥብ ጽሕፈት፣ እንዲጻፍ የፈለግሁት እኔ ነኝ። ጓደኞችህ መጥተው ባዶ ድንጋይ ዳስሰው መመለስ የለባቸውም አልሁ። አልማዝ አብሯት ለሚሠራ ቻይናዊ ስምህን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ ሰጠችው፤ እሱም ለዕረፍት አገሩ ሲሄድ ነሐስ ላይ አስቀርጾ አመጣላት። ነጥቦቹ እንደ ምስር ፍሬ ድብልብል ያሉ ናቸው። በዓይን ማንበቡን አስተምረኸኝ ነበር፤ ሞራው ግን አደበላለቀብኝ። ሌላ ሰው ያንብበው እንኳ አላልሁም። የተማሪ ደብተር በቀይ የማቀልም እኔ፣ ዳምጠው! ምን ብዬ ላስመርምር? በሃሌታው ሀ እና በሐመሩ ሐ ከልጆች ጋር ስጨቃጨቅ፣ «እናንተ ዓይናሞች በባቢሎን ተበትናችሁ ቀራችሁ፤ የእኛ ጽሕፈት ዓለም ላይ አንድ ነው» እያልህ ስትስቅብኝ የኖርህ አንተ አይደለህም? አመንሁህ።

ጸሎቱ እንዳበቃ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባልንጀራህ መምህር ተስፋዬ ጉሙ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ነሐሱ ላይ አስኬደ። መልሶ አስኬደ። ስምህን እስኪጠራ እጠብቃለሁ።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ ይህ ሰው ማን ነው?» አለኝ።

የሌላ ሰው መቃብር ላይ የቆምን መሰለኝ። «መነሻው ዳምጠውን ይመስላል፣ መሐል ላይም የማውቀው አለ፤ የቀረው ግን ባዕድ ነው» አለ። አልማዝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ተስፋዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አስረዳን። ስድስቱ ነጥቦች የትም አገር ስድስት ናቸው፤ የሚሰጣቸው ድምፅ ግን እንደየቋንቋው ነው። ብዙው ከአንድ ምንጭ ስለተቀዳ አንዳንዱ ይገጥማል፤ ሌላው አይገጥምም። ዓረቦች በዓይን ከቀኝ ወደ ግራ እያነበቡ በጣት ግን እንደ እኛ ከግራ ይነሣሉ። ቻይናዎች ያን ሁሉ ሥዕል መሳይ ምልክታቸውን ትተው ለጣት የሚጽፉት ድምፁን ነው፤ የአንተንም ስም ከእንግሊዝኛው ወደ ራሳቸው ነጥቦች አዙረው ነው የቀረጹት። እኛ ደግሞ አንዱን ፊደል ለሁለት ከፍለን ተነባቢውን ለብቻ፣ አናባቢውን ለብቻ እናስቀምጣለን። ይህን የመጨረሻውን ከአንተ ተምሬዋለሁ፤ ዓለም ሁሉ እንዲሁ የሚጽፍ ይመስለኝ ነበር።

ለካስ ባቢሎን እናንተንም አልማረችም!

«ዳምጠው ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው?» ብዬ ተስፋዬን ጠየቅሁት። ሳቀ። «ምን በወጣው! የዓረብኛውን አብረን ዳስሰን ግራ ገብቶናል እኮ። እርስዎን ለማብሸቅ ነው» አለኝ። ዕድሜ ልክህን! እዚያው፣ ቄሶቹ ገና ሳይሄዱ፣ «አንተ ሰው!» ብዬ መቃብርህ ላይ ጮኽሁ። ሰዉ ኀዘኑ የጸናብኝ መስሎት ደገፈኝ።

ቤት ስመለስ ስሌትህንና ስታይለስህን፣ ያን የነጥብ መጻፊያ ሰሌዳህንና መውጊያህን፣ ከመሳቢያ አወጣሁ። ስስ ቆርቆሮ ላይ፣ እንዳስተማርኸኝ ከጀርባ እየወጋሁ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ስምህን ጻፍሁ። ሁለቱን አበላሸሁ። ሦስተኛውን ሊጠይቀን ቤት ለመጣው ለተስፋዬ ሰጠሁት፤ ጣቱ ዳር ሳይደርስ «ዳምጠው» አለ። ቤታችን ውስጥ ስምህ ሲጠራ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

አሁን ሁለቱም ድንጋይህ ላይ ናቸው። ነሐሱን አላስነቀልሁትም፤ ከቻይና አንድ ዓይነ ስውር ድንገት ቢመጣ ያገኝሃል።

ሞራው ተገፈፈም አልተገፈፈም በየዓመቱ እመጣለሁ፤ ዓይኔ ቢከዳኝ በጣቴ አነብሃለሁ። አልረሳህም፤ ደግሞም ከእንግዲህ የነገርኸኝን ሁሉ አንድ በአንድ አጣራለሁ።

ዘነበች