የቱሳ ጉድጓድ

ጥር 4 ቀን 1951 ዓ.ም.

ወንድሜ ደጉ፣ ዛሬም ደጃፉን ውሃ ሳትረጭልን ዋልክ። አቧራው ቤት ሞላ። እማዬ ብርጭቆዎቹን ሁለቴ አጠበቻቸው። ሻይ የጠጣባቸው ግን የለም።

አርባህን ከትናንት ወዲያ አወጣን። ቄሶቹ በልተው ሄዱ፣ ድንኳኑ ተመለሰ። የኢተያ ዘመዶች ሁሉ መጥተው ነበር። እግዜር ያጥናችሁ ይላሉ፣ ወዲያው ደግሞ መንገዱን ያደንቃሉ። እንዴት ያለ መንገድ ነው፣ ጭቃ ሳንረግጥ ደረስን... ባንተ አርባ ላይ ደጉ! ጠላ እየጠጡ።

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሂሳብ ነበር፣ አልሰማሁም። የሄድኩት በጓሮ፣ አጥር ለአጥር ነው። በአዲሱ መንገድ አልሄድም ብያለሁ። ለማን እንዳልኩ አላውቅም። ላንተ ይመስለኛል።

ጥር 7

ያ ጉድጓድ ከደጃችን እንደነበር አሁን ማን ያምናል? ዛሬ ቆሜ አየሁት። ሜዳ ነው። ጠጠር ለብሶ፣ ዳምጠው ሄዶበት፣ እንደ ምጣድ ተስተካክሏል።

ዱሮ... ዱሮ ስል ያለፈውን ክረምት ማለቴ ነው። ከሥሩ ምንጭ ስላለ በበጋም አይደርቅም ነበር። ከበቆጂ እህል ጭኖ የሚመጣ መኪና ሁሉ ወይ ይያዛል ወይ እንደ ሽማግሌ እየዳኸ ያልፋል። ሲያዝ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ይገፋል፣ ይሳደባል፣ ከዚያ እኛ ቤት ገብቶ ሻይ ይጠጣል። ቱሳ ከእርሻው በሬዎቹን ነድቶ ይመጣና ይጎትታል። ለዚህ ነው የቱሳ ጉድጓድ የተባለው። ሌሊት ሌሊት ቱሳ ውሃ ይደፋበታል ብለው ያሙት ነበር። ያንተ መልስ ትዝ ይለኛል፤ ቱሳ በሬውን እንኳ ውሃ ለማጠጣት ይሰንፋል፣ ለጉድጓድ ይቀዳል እንዴ?

ያበላን ጭቃው ነበር። እማዬ ይህን ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም።

አደራውም በዚያው ነበር። መኪናው በእግረኛ እርምጃ ሲያዘግም ሰፈሩ ጥቅሉን ይዞ ይወጣል። ለናዝሬት ተማሪ ስንቅ፣ ለአዲስ አበባ ዘመድ ቅቤ። የሚያቀብለው አንተ ነህ። መርገጫው ላይ ዘለህ ትወጣለህ፣ በጋቢናው መስኮት ትሰጣለህ፣ አደራ ትላለህ፣ አጥራችን ሳያልቅ ትወርዳለህ። ስንት ዓመት? አንድ ቀን እንኳ ተሰናክለህ አታውቅም።

ጥር 8

ያን ቀን አልጽፈውም።

ጥር 9

እጽፈዋለሁ።

ኅዳር ውስጥ ማክሰኞ ጠዋት። ጉድጓዱ ከተደፈነ ሳምንት አልሞላውም። ባለሱቋ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ለሙህዲን ጭኮ አዘጋጅተው፣ በሻሽ ጠቅልለው ሰጡህ። ልጃቸው ናዝሬት የሚማረው በሳቸው ገብስና ቅቤ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ካልተላከለት ይራባል። አውቶቡስ ላይ እንዳይሰጡት ሁለቴ ጠፍቶባቸዋል። የጭነት መኪናው ሹፌር ግዛቸው ግን ያውቃቸዋል። የግዛቸው መኪና ደግሞ አሰላ ላይ አይቆምም። የሚያዘገየው ጉድጓዱ ብቻ ነበር።

ጡሩምባው ተሰማ። ሁሌ ከምትቆምበት ቆምክ፣ ሁሌ ከምትነሳበት ተነሳህ። ጉድጓዱ የለም። እግርህ ግን አላወቀም።

እኔ በር ላይ ነበርኩ። ደብተሬን ይዤ...

ጥቅሉ አልተፈታም። መንገዱ ዳር ተቀምጦ ነበር፣ ሰው እንዳስቀመጠው።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት። ታቦቱ በአዲሱ መንገድ ተመለሰ። አልሄድኩም። ዘፈኑ እስከ ጓሮ ይሰማ ነበር።

ጥር 17

ግዛቸው ከሽማግሌዎች ጋር መጣ። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ። እኔ በጓሮ ወጣሁ። ግድግዳው አሁን ጣውላ ብቻ ስለሆነ ግን ሁሉም ይሰማል።

የመንገድ ሰዎች የፊተኛውን ክፍል ሲቆርጡብን በኖራ ያሰመሩት ሻይ ቤቱ መሃል ላይ ነው። ያኔ ገመዱን በአንድ ጫፍ የያዘላቸው ማን ነበር? አንተ። ደስ ብሎህ! ቁርስ አሰላ፣ ምሳ ናዝሬት እያልክ። እማዬ ስታለቅስ፣ ጭቃ ነው እንዴ የምታለቅሽለት አልካት። እኔም ሳቅኩ።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ተናገሩ። የእግዜር ሥራ ነው፣ ልጁ እንደ ወንድምህ ነበር፣ ሆን ብለህ አይደለም። ኋላ ግዛቸው እንዲህ ሲል ሰማሁት።

"መንገዱ ክፍት ሆነብኝ እማማ ጥሩሰው። እንዳየሁት ደረስኩበት። አሁን እዚያ ቦታ ላይ እግሬ ፍሬን አልረግጥ ይለኛል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሬ ጡሩምባ እየነፋሁ ነው የማልፈው።"

እማዬ ይቅር አለችው። ድንጋዩን በራሷ እጅ አወረደችለት። እንዴት እንደቻለች አላውቅም። እኔ አልችልም። ይቅርታ እንደ ክፍል ለሁለት ይቆረጣል እንዴ? ግማሹን እሷ ከሰጠች ግማሹ የኔ ነው።

ጥር 20

መምህር ፍሰሐ ድርሰት አዘዙ። ርእሱ፦ የመንገድ ጥቅም።

ጻፍኩ። መንገድ ገበሬውን ከገበያ ያገናኛል፣ በሽተኛውን ከሐኪም ያደርሳል፣ ከተማን ያሳድጋል... አንድም ውሸት የለበትም። ከአሥር ዘጠኝ ተሰጠኝ፣ ለክፍሉም ተነበበ። አንዱን ለምን እንደቀነሱ ጠየቅኳቸው። ስሜት ይጎድለዋል አሉኝ።

ጥር 26

ማክሰኞ ነው። ጡሩምባውን ስሰማ በጣውላው ቀዳዳ አየሁ። እትዬ ዘሀራ በሻሽ የጠቀለሉትን ይዘው ካንተ ቦታ ቆመዋል። መኪናው አላዘገየም። ሮጡ። በዚያ ጉልበታቸው! እጃቸውን ዘርግተው አሥር እርምጃ ያህል ሄዱ፣ ከዚያ ወደቁ።

አልወጣሁም። ይበላቸው አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ እማዬ ሰማች። ውሃ ይዛላቸው ወጣች።

ጥር 27

ጭኮ ባይኖር... ማክሰኞ ባይኖር... ናዝሬት ባይኖር...

ሙህዲን እዚህ ሳለ አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። እስክሪብቶ ይሰርቀኝ ነበር። አሁን በናዝሬት ምን እንደሚበላ አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።

የካቲት 1

ሰፈሩን ሳየው ሳንለቀው የለቀቅነው ይመስለኛል። ቤት አልቀየርንም፤ መንገዱ ነው የገባብን። የአናጢው ሱቅ ተዘግቷል። ዳቦ የምትሸጠው ወለላ ላይኛው ገበያ ሄዳለች፣ መኪና የሚቆመው አሁን እዚያ ነው። እዚህ ማንም አይወርድም። ሲያልፉ መስኮት ውስጥ ፊት ብቻ ይታያል። የማይነኩት፣ የማያውቁት ሰፈር።

ማታ ሲመሽ ቱሳ በሬዎቹን ይዞ አለፈ። ቆሞ የተደፈነውን ቦታ በዱላው ነካ ነካ አደረገው። እንደ መቃብር።

የካቲት 4

እትዬ ዘሀራ ዛሬ በጓሮ አገኙኝ። ሸሸሁ፣ ግን አጥሩ ያዘኝ። ጉልበታቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመዋል። ሰላምታ አልሰጠሁም፤ ከለቅሶው ወዲህ አልሰጠኋቸውም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ትናንትም መኪናው እንዳለፋቸው ነገሩኝ። ሱቃቸውን ትተው ላይኛው ገበያ ቢወጡም ግዛቸው እዚያ አይቆምም። ባንተ ፈንታ እንዳቀብልላቸው ሊለምኑኝ የመጡ መሰለኝ።

"እዚያ ቦታ አይቁሙ" አልኳቸው።

"ደጉን የላክሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ወላሂ ይህን ከኔ የሚወስድ የለም። አሁን ማንን ልላክ? የሰው ልጅ አልልክም። ራሴ እሄዳለሁ።"

እኔን ቢለምኑኝ እምቢ ልላቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ስድብ እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። አልለመኑኝም።

የካቲት 10

ዛሬ እትዬ ዘሀራ ወረወሩት። ጥቅሉን ወደ መስኮቱ ወረወሩት፣ በሩን መታና ተፈታ። ጭኮው መንገዱ ላይ ተበተነ። ኋላ የመጣ መኪና ሄደበት።

በእጃቸው እየዛቁ ከጠጠር ለዩት። ለማን ብለው?

አንድ ቀን ወይ ይዘላሉ ወይ ከመኪናው ፊት ይቆማሉ። አውቀዋለሁ። እናት ናቸው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም በር ላይ ቆሞ ያያል። እኔም በቀዳዳ።

የካቲት 12

መንገዱ ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ሄጄ አናገርኳቸው። እዚያ ጋ ማዘግየት እንዲቻል የሆነ ነገር አድርጉ አልኩ። አለቃቸው መጥፎ ሰው አይደለም፣ ሻይ አዘዘልኝ። መንገድ የሚሠራው እንዲያዘገይ ነው እንዴ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ማን እንደሆንኩ ጎኑ ያለው ሰው በጆሮው ነገረው። ሳቁን አቆመ። የተደረገ ግን ነገር የለም።

የካቲት 14

እማዬ ወሰነች። ሻይ ቤቱ ሻይ አይሸጥም፣ ግማሽ ቤት ደግሞ አይከራይም። ወንድሟ ከሚኖርበት ከጮሌ በቅሎ ይዞ ሊወስዳት ይመጣል። እኔ እስከ ፈተና እዚሁ እቆያለሁ። ና አብረን እንሂድ አላለችኝም። ትምህርቱን ደጉ ያዝ ብሎሃል፣ ያዝ አለችኝ።

ዶማህን ለአጎቴ ልትሰጠው ነበር። መኪና ጎማው ሲሰምጥ የምትቆፍርበትን። እኔ አልሰጥም አልኩ።

የካቲት 16

ሄደች። በቅሎዋ ላይ ስትቀመጥ መንገዱን አላየችውም። በጓሮ ነው የወጣችው፣ እንደኔ። ጣሳና ብርጭቆዎቹን ለእትዬ ዘሀራ ሰጠቻቸው። ተቃቅፈው ብዙ ቆሙ። እኔ በቅሎዋን ያዝኩ።

ነገ ማክሰኞ ነው።

የካቲት 17

ብቻዬን ነቃሁ። እሳት አላነደድኩም። እማዬ የተወችልኝን ዳቦ ቆሜ በላሁ። ከበሩ ጀርባ ዶማህን አነሳሁ፣ በፊት ለፊት በር ወጣሁ። ካንተ ቀን ወዲህ በዚያ በር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

መጀመሪያ ቅጠል ቆረጥኩ። ከላይም ከታችም መንገዱ ላይ አስቀመጥኩ፤ ቅጠል ያየ ሹፌር ሁሉ ያዘገያል። ከዚያ መቆፈር ጀመርኩ። ዳምጠው የረገጠው ጠጠር እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። እጄ ተላጠ። ሰፈሩ ወጥቶ ያያል። አንድ ሰው፣ ይታሰራል ይህ ልጅ፣ አለ። የከለከለኝ ግን የለም። ጠጠሩ ሲነሳ ከሥሩ አፈሩ ጥቁር ነው፣ እርጥብ። ምንጩ እዚያው ነው ደጉ። የትም አልሄደም።

ቱሳ በሬዎቹን ነድቶ ደረሰ። ቆመ። አየኝ።

"ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ሥራዬን ልትመልስልኝ ነው?"

ለቅሶ ያዘኝ መሰለኝ። ዶማውን ከእጄ ወሰደና እሱ ቆፈረ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ጎማ የሚዳኽበትን ያህል ብቻ። ሲጨርስ ባልዲያችንን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ሞልቶ መጣና ደፋበት። እንደገና ሄዶ እንደገና ደፋ። አሁን ይሙኝ አለ። ስንት ዓመት በሐሰት አሙኝ፣ ዛሬ እንኳ እውነታቸውን ይሁን።

ሳቅኩ። ካንተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጡሩምባው ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ተሰማ። እትዬ ዘሀራ ጥቅላቸውን ይዘው ወጡ፣ ጉድጓዱን አዩ፣ ጭቃዬን አዩ። መኪናው ቅጠሉ ጋ ሲደርስ አዘገየ። የፊት ጎማው ወረደ፣ አቃሰተ፣ ዳኸ። ልክ እንደ ዱሮው። ግዛቸው ወደ ፊት ብቻ ያያል። እትዬ ዘሀራ በጎኑ እየተራመዱ ጥቅሉን አነሱ፣ እጃቸው መስኮቱ ጋ አልደረሰም።

ተቀበልኳቸው። መርገጫው ላይ አልወጣሁም። በእግሬ እየሄድኩ እጄን ዘረጋሁ። የግዛቸው እጅ ወጣና ያዘው። አየኝ።

"አደራ" አልኩት።

ይቅርታ አይደለም። ደጉ፣ እሱን ገና አልሰጠሁትም። አደራ ብቻ ነው።

ሊደፍኑት ይመጣሉ። ይምጡ። ዶማውን ከበሩ ጀርባ አልመለስኩትም፣ ደጃፍ ላይ አቆምኩት። ከዚያ ደብተሬን ያዝኩ፣ ጭቃውን ሳልታጠብ በመንገዱ መሃል ትምህርት ቤት ሄድኩ።