የአቶ ካሳሁን አለማየሁ የሕይወት ታሪክና በብረት ቁም ሣጥናቸው የተገኙት አሥራ ዘጠኝ ጠመንጃዎች

አቶ ካሳሁን አለማየሁ ከአባታቸው ከአቶ አለማየሁ ዘለቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት ደስታ ኅዳር 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በጎጃም፣ ብቸና አቅራቢያ ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው እንድርያስ የተወለደው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብሩ ዳዊት ደገሙ፤ ከዚያም ብቸና ከተማ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ቀጠሉ። በ1967 ዓ.ም. በየቤቱ ያለ መሣሪያ ሲሰበሰብ አባታቸው ጠመንጃቸውን ጎተራ ውስጥ፣ ጤፍ ሥር ደበቁ። ጠመንጃዋ በአገሩ እንደሚታወቁት እንደ ምንሽርና እንደ ውጅግራ አልነበረችም። ከምላጩ ሥር ያለው የብረት እጀታ ወደ ታች ተስቦ ሲመለስ ጥይት ትጎርሳለች። ጥይቷ ለየት ያለ የጦር ሠራዊት ጥይት ስለሆነ ከጎረቤት መበደር እንኳ አይቻልም፤ በቤቱ የነበሩት ሰባት ፍሬ ብቻ ናቸው። ሰደፏ ተሰንጥቆ አባታቸው በሦስት የመዳብ ሚስማር ጠግነዋታል።

መደበቂያውን ከቤቱ ልጆች አንዱ አውጥቶ ተናገረ። ጠመንጃዋ ተወሰደች፣ አባታቸውም አሥራ አራት ወር ታሰሩ። ተፈተው ሲመለሱ ልጆቻቸውን ፊታቸው አቁመው ማን እንደተናገረ ጠየቁ። ካሳሁን «እኔ ነኝ» አሉ። አባታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1971 ዓ.ም. ድረስ፣ የበኩር ልጃቸውን አላነጋገሩም። በአገሩ ልማድ በለቅሶው ሜዳ የሟች ጠመንጃ ተይዞ ይዞራል፣ ይለቀስበታል። ለአቶ አለማየሁ ለቅሶ የሚያዝ ጠመንጃ አልነበረም፤ ካሳሁን ባዶ እጃቸውን ዞሩ።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው መንጃ ፈቃድ አወጡ፣ በከባድ መኪና ሾፌርነትም ሠሩ። በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ አሰፋሽ መኮንን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጸሙ። በ1990 ዓ.ም. የዲቪ ዕጣ ወጥቶላቸው ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ከፀጋአብ ጋር አትላንታ መጡ፤ ሴት ልጃቸው እድላዊት የተወለደችው እዚሁ ነው። መጀመሪያ ክላርክስተን፣ ኋላም ማሪዬታ ኖሩ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በመኪናቸው ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ አንድ ቀን ጡሩምባ ነፍተው ሰው አስደንግጠው አያውቁም። ዝምታቸው የታወቀ ነበር፤ ዕድር ስብሰባ ላይ እጃቸውን ካወጡ መስኮት ይከፈት ለማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. ወንድማቸውን እንድርያስን አስመጥተው ቤታቸው አኖሩት።

ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ፖሊስ ወይዘሮ አሰፋሽ ዘንድ ደወለ። አቶ ካሳሁን በአሮጌ መሣሪያ ገበያ ላይ፣ ከአንድ ሻጭ ጠረጴዛ ፊት፣ ጠመንጃ በእጃቸው እንደያዙ ልባቸው ቆሞ ማረፋቸውን ነገራቸው። «ሮንግ ነምበር ነው፤ የኔ ባል ኤርፖርት ነው ያለው» ብለው ስልኩን ዘጉ። እድላዊትም «እማዬ፣ ዳድ እኮ የውሃ ሽጉጥ እንኳ አይገዛልንም ነበር» ብላ ከእናቷ ጋር ቆመች። ሁለተኛ ተደወለ። ሦስተኛው ስልክ ሲመጣ ነው የተለቀሰው። እስከ ማታ ድረስ ወሬው በሰው አፍ ሌላ መልክ ይዞ ስለዞረ፣ ቤተሰቡ ያየውን ሁሉ ሳይሸሽግ እዚህ እንዲነበብ ወስኗል።

ቤዝመንት ውስጥ፣ ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ፣ ሁላችንም የታክስ ወረቀት ማስቀመጫ ነው የምንለው የብረት ቁም ሣጥን አለ። ፀጋአብ ከአባቱ የመኪና ቁልፍ ጋር የተንጠለጠለች ትንሽ ቁልፍ አግኝቶ ከፈተው። አሥራ ዘጠኝ ጠመንጃዎች በዘይት ተወልውለው ቆመዋል፤ ሁሉም አሜሪካኖቹ ሊቨር አክሽን የሚሏቸው፣ ከታች የሚጎርሱ፣ መቶ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። አንዱ የሩሲያ ጦር ጥይት፣ አንዱ የእንግሊዝ፣ አንዱ የድሮው የአሜሪካ ጦር ይጎርሳል። ጥይት ግን አንድም የለም። ወይዘሮ አሰፋሽ ደረጃው ላይ ተቀምጠው «ከማን ጋር ነው ሠላሳ አምስት ዓመት የኖርኩት?» አሉ።

ከጠመንጃዎቹ ሥር ደብተር ተገኘ። አቶ ካሳሁን ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ መሣሪያዎች አሜሪካ መድረሳቸውን ሰምተው ኖሯል። የአባታቸው ጠመንጃ ስሟ ማን እንደሆነ ስለማያውቁ፣ ጥይቱ ለየት ያለውን ሁሉ እየለቀሙ መርምረዋል። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ጽፈዋል። «የሚስማር ቀዳዳ የላትም። አይደለችም።» አሥራ ዘጠኝ ጊዜ።

በሦስተኛው ቀን ሻጩ፣ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ለቅሶ ደረሰ። ያቺን የመጨረሻዋን ጠመንጃም በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣት። አቶ ካሳሁን ሰደፏን ገልብጠው በጣታቸው ሲዳብሱ ፊታቸው እንደበራ ነገረን። እንድርያስም ተቀብሎ ዳበሳት። ሁለት የሚስማር ቀዳዳ አላት፤ ሦስተኛው የለም።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከአንድ መስመር በቀር ምንም አልተጻፈም፤ እርሱም «ከተገኘች ለእንድርያስ ትሰጥ» ይላል።

ይህን የምጽፈው እንድርያስ እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ ራሴን እንደ ሌላ ሰው ስጠራ የቆየሁት በሥርዓቱ መሠረት ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን አልችልም። በ1967 መደበቂያውን የተናገርሁት እኔ ነኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ የእኛ ቤት ጠመንጃ ከታች ይጎርሳል ብዬ ጉራ ስነዛ የት እንዳለችም ተናገርሁ። ካሳሁን አባታችን ፊት በእኔ ቦታ ቆመ። እዚህ አገር በመጣሁ በዓመቱ ከእርሱ ጋር ስንሄድ አንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ መስኮት ላይ የእርሷን ዓይነት አይቼ መንገድ ላይ አለቀስሁ። ያቺ ጠመንጃ እጄ ብትገባ አባቴ መቃብር ላይ አስቀምጬ ይቅር በለኝ እል ነበር አልሁት። የመኪናውን በር ከፈተልኝ። የረሳው መስሎኝ ነበር። የደብተሩ መጀመሪያ መስመር የተጻፈው በዚያው ሳምንት ነው።

አቶ ካሳሁን ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ሲፈጸም ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ልጆቻቸው ፀጋአብና እድላዊት፣ እኔም ወንድማቸው ቆመናል። ሃያኛውን መስመር ዛሬ ጠዋት በእጄ ጽፌዋለሁ፦ «አይደለችም። ይበቃል፣ ወንድሜ።»

የሰማይ አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍ። አባታችንም እዚያ ሲያገኛቸው እውነቱን ሰምቶ ያነጋግራቸው። አሜን።