የከርሞው መስቀል

ነሐሴ 26 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ አምቦ

ዛሬ ለጎረቤቴ ለኦቦ ገመዳና የልጅ ልጃቸውን ሲፈንን በማደጎ ለሚወስዷት ፈረንጆች ሳስተረጉም ዋልኩ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ የመሆን ጣጣ! ልጅቷ እናቷ ከሞተች ወዲህ በሳቸው እጅ ናት። ነገ ትሄዳለች።

ፈረንጇ በልጅነቷ ከሩቅ አገር ከመጣች የማደጎ ልጅ ጋር ጎረቤት ሆና እንዳደገች አወራችን። "እኔም አንድ ቀን እንዲህ አሳድጋለሁ ያልኩት ያኔ ነው" አለች። ገባኝ። እኔም የጉዲፈቻ ልጅ ነኝ። ወላጅ እናቴ በየመስቀሉ ከጉደር መጥታ አናቴን ቅቤ ስትቀባኝ፣ ያሳደገችኝ እናቴ አጠገባችን ቁጭ ብላ ትስቅ ነበር። ኦቦ ገመዳ ሲያማክሩኝ "ክፉ ነገር አይደለም" ያልኳቸው ያንን አስቤ ነው።

ለካ እሳቸውም የሚያውቁት ያንኑ ነው! እንግዶቹ ሊነሱ ሲሉ "የዘንድሮው መስቀል ደርሷል፤ ለከርሞው ይዘዋት ይምጡ በያቸው" አሉኝ። ተረጎምኩ። ፈረንጇ ስታዳምጥ ራሷን በአዎንታ መነቅነቅ ልማዷ ነው። ኦቦ ገመዳ እሺታ መሰላቸው። "ገለቶማ!" ብለው አመስግነው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። መልሷ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ "በየዓመቱ ፎቶ እንልካለን።"

"ምን አለች?" ሲሉኝ፣ "ነገ እነግርዎታለሁ" አልኩ። ፈሪ!

ፈረንጆቹ ሳይሄዱ ለኦቦ ገመዳ መንገር አለብኝ። ሰምተው እምቢ ቢሉስ? አርጅተዋል፤ ማን ያሳድጋታል?

ከበር ሲሸኙኝ ፊታቸው በርቶ ነበር። "ላሜ ለከርሞ ትወልዳለች" አሉኝ። "ለሲፈን አናት ለጋ ቅቤ አይጠፋም።"