ካደቀቅኸው ይጠብቃል

ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቴን ያመኛል ይላል፤ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጥ ግን አያመውም።

ባለፉት ሦስት ሳምንታት አባትሽ ስለ ቡና ማሽን የጠየቀሽን ሁሉ ያስጠየቅሁት እኔ ነኝ። እሱማ ትኩስና ጥቁር ከሆነለት ሬንጅም ይጠጣል። ጥያቄዎቹን በወረቀት እየጻፍኩ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ከስልኩ ይልክልሻል። «ራስሽ ብትጠይቂያት ምን አለበት? እኔ ፖስተኛ ነኝ?» እያለ።

ምክንያቴን ልንገርሽ። ለእረፍትሽ ወደ ቤት ትመጪ እንደሆነ ሲጠይቅሽ፣ «እዚያ ቤት መጥቼ ምን እሠራለሁ?» ብለሽዋል። ጆሮው ስለከበደ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጎ ነው የሚያነጋግርሽ፤ ሰማሁ። ሦስት ቀን አሰብኩበት። የእኔ መጻሕፍት አሉ፣ የአባትሽ መፍቻዎች አሉ። አንቺ እጅሽ የለመደው ዕቃ ግን በዚህ ቤት አንድም የለም።

ስለዚህ ደብተር ገዝቼ መምረጥ ጀመርኩ። «ከማሽኑ በፊት መፍጫው ጥሩ ይሁን» ብለሽ ስለጻፍሽ መጀመሪያ መፍጫውን ገዛሁ። ጥርሶቹ ብረት ናቸው። ማድቀቂያ ቀለበቱ ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሌለው መሣሪያ ስለማልወድ በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት።

ከዚያ «አባዬ፣ በጣም ካደቀቅኸው ይጠብቃል» የሚለው መልእክትሽ መጣ። ደብተሬ ላይ ገልብጬው ደስ አለኝ። የደቀቀ ቡና ሳይበላሽ ይቆያል ያልሽ መስሎኝ፣ የሳምንቱን ቡና በሙሉ እንደ ዱቄት ፈጨሁና በጠርሙስ ይዤ ማሽን ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ማሽን እየጠገነ የሚሸጥ፣ ጣቶቹ ላይ ጠባሳ የበዛበት ጎልማሳ ነው፤ ሰው በገዛ ቡናው ሞክሮ እንዲገዛ ይፈቅዳል። ዱቄቱን ሞላ፣ ጠቀጠቀ፣ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ አቃሰተ። ሦስት ጠብታ ሰጠንና ዝም አለ።

«እማማ፣ ይሄ ቡና ነው ወይስ ሲሚንቶ?»

«ልጄ ይጠብቃል ብላለች።»

«ጠበቀ እኮ። ውሃው በየት ይለፍ?»

«ይቆያል ነው ያለችው።»

«እስቲ ያሳዩኝ» አለና ከደብተሬ ላይ አነበበው፤ «ብ»ን አላልቶ። ያን ጊዜ ገባኝ። «ብ» ከጠበቀች ይቆያል ማለት ነው፤ ከላላች ግን ይታፈናል፣ ውሃ አያሳልፍም ማለት ነው። መጥበቅን የሚናገረው ቃል ራሱ ላልቶ ነው የሚነበበው።

«አስተማሪ ነበርኩ አላሉኝም?» አለኝ።

«የሰዋስው» አልኩት። ከዚህ በላይ ራሴን ማዋረድ አልቻልኩም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ማጥበቅና ማላላት አስተምሬ፣ የአምስተኛ ክፍል ልጅ የማይስተውን ሳትኩ። አንቺ በትክክል ጽፈሻል። እኔ መስማት የምፈልገውን አነበብኩ። አባትሽ ይህን ከሰማ ወዲህ «ምሳ ይበላል?» ባልኩት ቁጥር «ጠብቆ ነው ላልቶ?» ይለኛል።

ሻጩ አፈጫጨቱን ሊያሳየኝ አሥራ ስምንት ግራም መዘነ፣ ሠላሳ ሰከንድ ቆጠረ፣ ቀመሰና ደፋው። የመፍጫውን ቀለበት የፀጉር ያህል አዙሮ እንደገና ጀመረ። አራት ጊዜ ደፋ። እኔ ለተማሪ ድርሰት እንኳ አራት ጊዜ አላስጽፍም ነበር። አምስተኛውን ሲሰጠኝ ጠጣሁት፤ ስኳር አልጠየቅሁም።

ለካፌ ሥራ ከቤት ስትሄጂ «ቡና ለመቅዳት አሥራ ስድስት ዓመት አይማሩም» ብዬሻለሁ። ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስህተት የለበትም። ያም ሆኖ ተሳስቻለሁ። አንቺ በየቀኑ ምን እንደምትሠሪ ሳላይ ነው የተናገርኩት።

አሁን ሁለት ማሽኖች ቀርተዋል። አንደኛው አንድ ማሞቂያ ብቻ ስላለው፣ ቡናውን ካወረደ በኋላ ወተት ለማፍላት ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሁለት ማሞቂያ አለው፤ ቡናውንም ወተቱንም ባንድ ጊዜ ያደርሳል፣ ግን ከወጥ ቤታችን መደርደሪያ ሥር ካለው ቦታ በሁለት ሣንቲ ሜትር ይረዝማል። አባትሽ ትናንት መደርደሪያውን ስለነቀለው ቁመቱ ሰበብ አይሆንም። ሻጩ «የቱን ልጠቅልልልዎ?» ሲለኝ «መራጯ ራሷ ትመጣለች» አልኩት። ሳላስፈቅድሽ መናገሬን አውቃለሁ። እስከ እረፍትሽ ሁለቱንም ላይሸጥ ቃል ገብቶልኛል።

የምትመጪበትን ቀን ለአባትሽ ሳይሆን ለእኔ ጻፊልኝ። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን በቀይ ብዕር አርሜ መልሼልሽ ነበር፤ ሁለተኛ አልጻፍሽልኝም። ቀዩን ብዕር ለአባትሽ ሰጥቼዋለሁ፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ይጽፍበታል። አንቺ እንደመጣልሽ ጻፊው።

እጅሽን እንፋሎት አይንካው፣ መንገድሽ ይቅና።

እናትሽ