የዘፈንሽ ተቀባይ ነበርኩ

ውድ ዞሌካ፣

ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ። ሰላምታው ቀድሞ ከገባ እጄ ይለዝባል ብዬ ነው ከዚህ የጀመርኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን በምዝዋንዲሌ ላይ ስለጥፍ ኖሬአለሁ። እሱ ሲሰለቸኝ ወደ አሜሪካኖቹ እዞር ነበር። ባለፈው ወር ግን ምዝዋንዲሌ ራሱ ግቢዬ ገብቶ ተቀመጠና የሆነውን ነገረኝ። አሁን የማሳብብበት ሰው አጣሁ።

እስከዛሬ ከእኔ የደረሰሽን ደብዳቤ ሁሉ የጻፈችው የፓስተሩ ሚስት ማማ ኖንሴባ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታለሳልሳለች። «ተናድጄባታለሁ ብለሽ ጻፊ» ስላት «ናፍቀሽኛል» ብላ ትጽፍና አንብባ ታሰማኛለች። «ይሄ ይሻላል፣ ልጅቷን አታስደንግጫት» ትለኛለች። ውሸት ጻፍሽ ልላት አልችልም ነበር። ናፍቀሽኝ ነበርና። ንዴቱ ግን ሳይጻፍ እኔው ዘንድ ቀረ። አሁን የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬአለሁ። አስተማሪዬ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። «ማማ፣ እርሳሱን እንደ ልብስ መቆንጠጫ አይጨብጡት» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ የገባሁት ቆጥሬ፣ ለቅሜ፣ ያለ አስታራቂ ለአንቺ ልጽፍልሽ ነው።

እናታችን ስትሞት አንቺ ገና አፍሽን አልፈታሽም ነበር። እኔ የነጮቹን ልብስ ማጠብ ጀምሬ ነበር። ሰፈራችን ኒው ብራይተን ነፋሷ መቼም ልብስ ታደርቃለች፣ ልጅም ትወስዳለች። አንሶላው ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሰጣ አንቺ ከወዲያ ማዶ ትሆኛለሽ፣ እኔ ከወዲህ፣ አንተያይም። መንገዱ ደግሞ ቅርብ ነው፣ መኪና አለ። ስለዚህ አስተማርኩሽ። አንቺ፣ እህቴ ለማለት፣ «ሲሲ፣ አለሽ?» ትያለሽ። እኔ «አለሁ፣ አንቺስ?» እላለሁ። አንቺ «አለሁ» ትያለሽ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ወዲያው አልመልስልሽም ነበር፣ ታስታውሺ ይሆን? ድምፅሽን አዳምጬ፣ ራበሽ ወይስ ወደቅሽ ወይስ የሰው ጉዋቫ ሰርቀሽ እየበላሽ ነው የሚለውን ለይቼ ነው አፌን የምከፍተው። ከዓመት ዓመት ጥሪው ዜማ አበጀ። አንቺ አደግሽ፣ ጡት አወጣሽ፣ ቀሚስሽን ራስሽ መስፋት ጀመርሽ፤ እኛ ግን በአንሶላው ማዶና ማዶ መጣራታችንን አልተውንም።

ምዝዋንዲሌ የሰማን ያኔ ነው። ከትምህርት ቤት የተባረረ አስተማሪ፣ በበጋ ካፖርት የሚለብስ ሰው። አጥሩን ተደግፎ የማን ዘፈን እንደሆነ ጠየቀኝ። ዘፈን አይደለም፣ ልጅ መጠበቂያ ነው አልኩት። አንቺን ከእግር እስከ ራስ አየሽና «ሲሲ፣ ይቺ ልጅ ከተጠበቀች ቆይታለች እኮ» አለኝ። አንቺ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ከጥሪያችን ተነሥቶ ቴአትሩን ሠራው። ልብስ አጣቢዋ ሴት፣ ማዕድን ሊቆፍር የሄደው ባሏ፣ እሱን ሳይዝ የተመለሰው ባቡር። መጨረሻው ላይ አንቺ ቅርጫትሽን አስቀምጠሽ ብቻሽን ትቆሚያለሽ፣ ወደ ሕዝቡ ዞረሽ «አላችሁ ወይ?» ብለሽ ትጣሪያለሽ። አዳራሹ «አለን፣ አንቺስ?» ይላል። አንቺ «አለሁ» ስትዪ ብቻ ነው የመጨረሻው ዘፈን የሚነሳው። አዳራሹ ካልመለሰ ቴአትሩ አያልቅም። እኔን ከሕዝቡ መሐል አስቀመጠኝ፣ ሌላው እኔን ሰምቶ እንዲከተል። ለምን መድረክ ላይ አልወጣም ብዬ ስጠይቀው፣ «ፊትሽ ሁልጊዜ የተቆጣ ነው፣ ሰዉ ባልየው የሸሸው ከአንቺ ነው ይላል» አለኝ። እውነቱን ነው መሰለኝ።

ግን ምን ያህል እንዳማረብን ታውቂያለሽ። ከሁለተኛው ምሽት በኋላ እኔ አላስፈለግኩም፣ ሰዉ ራሱ ይቀበልሽ ነበር። ምዳንትሳኔ ከተማ ላይ አንዱ ሰካራም «አለን፣ ግን ርቦናል» ብሎ መለሰልሽና አዳራሹ በሳቅ ወደቀ፣ አንቺም እንባሽ እየወረደ ሳቅሽ። ክዊንስታውን ላይ ፖሊሶቹ በሩን ይዘው ቆመው፣ ሴቶቹ ሕፃናቶቻቸውን እንዳዘሉ ተነሥተው «አንቺስ?» ሲሉሽ ጣሪያው የሚነሣ መሰለኝ። ያን ጊዜ እኔ መሐላቸው ቁጭ ብዬ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ እህቴን እየጠበቀልኝ ነው ብዬ ኮራሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

አንድ አሜሪካዊ መጥቶ ቴአትሩን አየው፣ አለቀሰ፣ ኒው ዮርክ እወስዳችኋለሁ አለ። ሰፈሩ ሁሉ ሌላ ወሬ አጣ። አሜሪካኖች ይወዱታል ወይስ አይወዱትም? ማማ ኖንሴባ ቋንቋችንን አይሰሙም ብላ ሰጋች። ጫማ ጠጋኙ ታታ ዲሊዛ፣ «የእኛ ሰው በእንግሊዝኛ ፊልም አያለቅስም እንዴ? ማን ሰምቶት ነው?» አሉ። ወጣቶቹ ከበሮው ብቻ ይበቃቸዋል አሉ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩት፤ ማን ይቀበላታል? የማያውቃት ሰው፣ ወንበሩ ላይ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው፣ ስትጣራ ምን ብሎ ይመልስላታል? እኔን ውሰዱኝ አላልኩም፣ ልመና አልወድም። ግን ምዝዋንዲሌ ገባው።

«ሲሲ፣ ተቀባይ የትም አይጠፋም» አለኝ። «ስድስት ሳምንት ነው። ካልወደዱት ለገና እዚሁ ነን።»

ካልወደዱት ለገና። ይህን ቃል ይዤ ቀረሁ። ስለዚህ እንዳይወዱት ለመንኩ፣ ዞሌካ። ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ተንበርክኮ ጌታ ሆይ አሳካላቸው ሲል፣ እኔ ከመሐላቸው ተንበርክኬ አትስማቸው እል ነበር። አላፍርበትም። እነሱ የሚለምኑት ለስማቸው ነው፣ እኔ የምለምነው ለአንቺ ነው።

ወደ ሥጋ ቤቱ ስልክ የደወልሽልኝ ቀን ልመናዬ የተሰማ መሰለኝ። እያለቀስሽ ነገርሽኝ።

«ሲሲ፣ ጠራኋቸው፣ ዝም አሉ። ደግሜ ጠራኋቸው፤ አጨበጨቡ።»

አይዞሽ አልኩሽ። ስልኩን ዘግቼ ቤቴ ገባሁና ብርድ ልብስሽን አጠብኩ፣ የክፍልሽን ግድግዳ ኖራ ቀባሁ። ታታ ዲሊዛ ነገሩን ሲሰሙ «የሰው ሐዘን ላይ ያጨበጭባሉ? እንግዲህ ሲደሰቱ ምን ሊያደርጉ ነው?» ብለው ገረማቸው። ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው፣ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬም ደረሰን። ሰፈሩ አዘነ። እኔ ለገና በግ የሚሸጥልኝ ሰው አነጋገርኩ።

በጉ የታረደው ለሌላ ነገር ሆነ። ተሳካ ተባለ። ኤስተል የምትባል አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ የምትዘምር ሴት ተገኝታ፣ ከሰገነቱ ላይ መብራት በርቶላት አንቺ ስትጣሪ እሷ ትቀበልሻለች፤ አሜሪካኖቹ በእንባ ታጥበው ተነሥተው ይቆማሉ ተባለ። ፎቶሽ ያለበት ጋዜጣ መጣ። ሰዉ እየጨፈረ ደጄ ድረስ መጥቶ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። የዝንጅብል መጠጥ ቀድቼ፣ ሥጋ ቆርሼ አስተናገድኩ። ጥርሴን ያየ ሁሉ ደስ ብሏት ነው ብሎ ሄደ።

ገና አለፈ። ሌላም ገና አለፈ። ካፖርት ላክሽልኝ፣ በረዶ ላይ የቆምሽበት ፎቶ ላክሽልኝ። ፓስፖርት የሚከለክሉን ነጮች ከሥልጣን ወረዱ፣ ሰዉ ከየስደቱ እየዘፈነ ተመለሰ፣ የሌሎች እህቶችም ተመለሱ። አንቺ በየደብዳቤሽ መጨረሻ በሚቀጥለው ዓመት ትያለሽ። እኔም ምን ታድርግ አልኩ፤ አሜሪካኖቹ ወደዋታል፣ የወደዱትን አይለቁም፣ ቴአትሩ ሲያልቅ ትመጣለች።

የዘፈኑን ካሴት የላክሽልኝ ጊዜ ታታ ዲሊዛ ሱቅ ነው የሰማሁት፤ ማጫወቻ የነበራቸው እሳቸው ናቸው። ኤስተል ድምፅ አላት፣ አልክድም። ግን አንቺ ቃልሽን ሳትጨርሺ ነው የምትመልሰው። አታዳምጥሽም፤ ምን እንደምትዪ አስቀድማ ታውቀዋለች። ደግሞም «አለን» ብላ ታቆማለች። «አንቺስ?» የሚለው የለም። ታታ ዲሊዛን ወደ ኋላ መልሰው እንዲያሰሙኝ ለመንኳቸው። ክሩ ዘሎ ይሆናል አሉኝ። አልዘለለም። አንቺ ትጣሪያለሽ፣ እሷ አለን ትላለች፣ ከበሮው ይመታል፣ አለቀ። አንቺ አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚያው ሱቅ ውስጥ ምዝዋንዲሌን ረገምኩት። ለአሜሪካኖቹ ብሎ ቆረጠው አልኩ።

ባለፈው ወር እሱ መጣ። ከዘራ ይዟል፣ ካፖርቱን ግን አልተወም። ቴአትሩ ከተዘጋ ዓመት ሊሞላው እንደሆነ ነገረኝ። አንቺ አልነገርሽኝም። በመጨረሻው ደብዳቤሽ እንኳ ሥራ በዝቶብኛል ነበር ያልሽው። ታዲያ እሷስ የታለች አልኩት። እዚያው ናት አለኝ። ያን ጊዜ ከአፌ የማይወጣውን ሁሉ አወረድኩበት፤ ሌባ አልኩት፣ «አንቺስ»ን ለፈረንጅ ብለህ የቆረጥክ አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ሲሲ፣ እኔ ሻንጣ ዘግቼ ነበር» አለ። «ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቴአትር ቤቱ ሊያሰናብተን ነበር፣ እኔም ወደ ቤት ልመልሳቸው ቆርጬ ነበር። ክፍሌ ድረስ መጥታ ኤስተልን አምጣት ያለችኝ ዞሌካ ናት። አለን ትበል፣ መልሳ ግን አትጠይቀኝ አለች።»

ለምን አልኩት። መሬት መሬቱን እያየ ነው የነገረኝ።

«የመጀመሪያው ቀን ዝም ሲሉኝ ፈራሁ አለች። በሁለተኛው ቀን ግን ጠራኋቸው፣ አንቺስ የሚለኝ ጠፋ፣ ዝም ብዬ ቆምኩ። እንደዚያ ያለ ቦታ ቆሜ አላውቅም ነበር። እዚህ አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም፣ እዚህ ልቅር አለች።»

ሻይ አፍልቼ ሰጠሁት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ጠጥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው ነው የከረምኩት። አሜሪካኖች ይወዱታል አይወዱትም እያልን ያን ያህል ተከራከርን፤ እነሱ እንደሆኑ ከእነሱ ምንም ካልተጠየቀ ይወዳሉ። ተቀምጠው ያለቅሳሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ቤታቸው ይገባሉ። የሚመልስላቸው ሰው ሰገነቱ ላይ አለ። ለእነሱ ይህ ተስማማ፣ ለአንቺም ተስማማ። ያልተስማማው ለእኔ ነው።

ግን ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር። አንሶላውን ገለጥ አድርገሽ፣ ሲሲ በቃ፣ አድጌአለሁ፣ አትጠይቂኝ ብትይኝ እቆጣ ነበር፤ የእኔን ቁጣ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ጮኾ ጮኾ ይበርድና ራት ያቀርባል። አንቺ ውቅያኖስ ተሻግረሽ፣ ለማያውቁሽ ሰዎች በዘፈን ነገርሻቸው። እኔ በማያውቁኝ ሰዎች ቅናት ስቃጠል ኖርኩ። እናትሽ አልነበርኩም፣ ዞሌካ። እኔም ልጅ ነበርኩ። መኪናውን እፈራ ነበር። አንቺ ብትጠፊ የሚቀረኝ ሰው አልነበረም፣ አሁንም የለም፣ ለዚህ ነው የምጠይቅሽ የነበረው።

ክፍልሽን ለአስተማሪዬ ሰጠኋት። ከሩቅ ነው የምትመጣው፣ ማታ መንገዱ ጥሩ አይደለም። ስትወጣና ስትገባ አልጠይቃትም፣ ምላሴን እነክሳለሁ።

ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ ራሴ አነበዋለሁ። የከበደኝን ቃል ቁጭ ብዬ እለቅመዋለሁ። ስለ ጉልበትሽ ሕመም ጻፊ፣ ምዝዋንዲሌ ነግሮኛል። ጎረቤትሽ ማን እንደሆነ፣ ምን ቀቅለሽ እንደምትበዪ ጻፊ። አሁንም ለራስሽ የምትዘፍኚ ከሆነ ያንንም ጻፊ። መጨረሻው ላይ «በሚቀጥለው ዓመት» የምትዪውን ብቻ አትጻፊው። እኔም ከእንግዲህ መቼ ትመጫለሽ ብዬ አልጠይቅሽም።

እህትሽ
ኖማኽዌዚ